ሚያዝያ 15 ቀን ግድግዳ ጥላ የለውም

የእህቴ ልጅ ካቻምና ከአውሮፓ ስትመጣ አንዲት የወረቀት ከረጢት ይዛልኝ መጣች። ውስጧ አሥራ አምስት ጥቋቁር፣ ጭምትርትር ያሉ ነገሮች ነበሩ፤ ከደረቀ የፍየል በጠጥ ለመለየት መዳፍ ላይ አድርጎ ማገላበጥ ይጠይቃል። ከረጢቷ ላይ ሰማያዊ አበባ ተስሏል፣ ከአበባው ሥር «ለከፊል ጥላ» ተብሎ ተጽፏል። «አክስቴ፣ ያንቺ ግቢ እኮ ጥላ በጥላ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከቤቴ በስተሰሜን፣ ከግድግዳው ሥር፣ በጋውን ሙሉ ፀሐይ የማያገኘው አንድ መደብ አለ። ጌሾ እንኳ እዚያ አልለማልኝም።

እዚያው ተከልኩት። በዚያ መደብ ላይ ሁለት ዓመት የሠራሁትን ስሕተት ነው አሁን የምተርከው፤ ስሕተቱ የእጅ ሳይሆን የቃል ነበርና። «ከፊል ጥላ» የሚለው ቃል በለንደንና በጎንደር አንድ ነገር አይደለም።

በመጀመሪያ ስለ ተክሉ ጥቂት። አኔሞኒ ይባላል፤ ስሙ ነፋስ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ስለሆነ እኔ የነፋስ አበባ እለዋለሁ። ባዳ ይምሰል እንጂ ዘመዶቹን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ዳቦ ላይ የምንነሰንሰው ጥቁር አዝሙድ ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ከዚያ የቀረበው ሥጋ ዘመዱ ደግሞ በጎንደር ዙሪያ አጥርና ቁጥቋጦ ላይ የሚጠመጠመው አዞ ሐረግ ነው፤ ያ ፍሬው ሲደርስ እንደ ተባዘተ ጥጥ ነጭ ሆኖ በነፋስ የሚበተነው። የአንዱ አዞ ሐረግ ሳይንሳዊ መጠሪያ እንዲያውም ከሰሜን ተራሮች ስም የተወሰደ ነው። የአዞ ሐረግ እርጥብ ቅጠል ቆዳ እንደሚያቃጥል የሚያውቅ ሰው የአኔሞኒንም ጠባይ ያውቃል፦ ተክሉ ሲቆረጥ ወይም ሲጨፈለቅ የሚወጣው ፈሳሽ ቆዳን ያሳክካል፣ ያቆስላል፣ ቢበላም ይመርዛል። ሲደርቅ ያ ኃይሉ ይጠፋል። ሥሩን ስትከፋፍሉ ጓንት አድርጉ፤ ልጆችና ፍየሎች ባሉበት ግቢ ደግሞ የት እንደምትተክሉት አስቡ።

አኔሞኒ አንድ ተክል ብቻ አይደለም። ከመቶ የሚበልጡ ዓይነቶች አሉት፤ የአበባ ሻጮች ቀይና ወይን ጠጅ እያደረጉ የሚሸጡት ባለ ጥቁር እምብርቱ የሜዲትራኒያን ዓይነት ፀሐይ ወዳድ ስለሆነ ከዛሬው ወሬያችን ይውጣ። የምናወራው ስለ ጫካዎቹ ነው።

የጫካ አኔሞኒ ጥላ ይወዳል ይባላል። እኔ ግን ቃሉን አልቀበለውም። ጥላን ይችላል እንጂ አይወድም።

በአውሮፓ ጫካ ዛፎቹ በመከር ቅጠላቸውን ያራግፋሉ፤ በፈረንጆቹ መጋቢትና ሚያዝያ መሬቱ መሞቅ ሲጀምር ገና ባዶ ቅርንጫፍ ናቸው። ፀሐይ እንደ ልቧ መሬት ድረስ ትወርዳለች። ነጩ የጫካ አኔሞኒ የሚነሣው ያን ጊዜ ነው፤ ከመሬት አንድ ስንዝር እንኳ ሳይርቅ ቅጠል ያወጣል፣ ያብባል፣ ዘር ይጥላል። ዛፎቹ ለብሰው ጣሪያው ሲዘጋ እሱ የዓመት ስንቁን ከመሬት ሥር ቀጭን ቡናማ ጭራሮ በሚመስለው ግንዱ ውስጥ ቋጥሮ መተኛት ይጀምራል። ክረምቱ በጋው ያልፋል፣ እሱ የለም። ስለዚህ «የጥላ ተክል» የምንለው በእውነቱ ጥላው ከመምጣቱ በፊት ሥራውን የሚጨርስ ተክል ነው። የሚኖረው በሰዓት ነው።

ችኩል መስሎ ታይቷችሁ ይሆናል። ሲስፋፋ ግን እንደ እሱ ቀርፋፋ የለም። በእንግሊዝ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ስሌት በመቶ ዓመት 1.8 ሜትር ገደማ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻ ባደረጉበት ዘመን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1636፣ አንድ ሥር ተክለው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ከተተከለበት ሰባት ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ነበር የምናገኘው። እንግሊዞች ይህን አበባ በብዛት ያዩበትን ጫካ ጥንታዊ ነው ብለው የሚገምቱት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ያንን ሰዓት ወደ ጎንደር አምጡት። እዚህ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን። ዓመቱን ለሁለት የሚከፍለው ብርድና ሙቀት ሳይሆን ዝናብና ድርቅ ነው። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ዙሪያ ያሉት ጥዶችና ወይራዎች ቅጠላቸውን በአንድ ጊዜ አራግፈው ለማንም መስኮት አይከፍቱም፤ ጣሪያቸው ዓመቱን ሙሉ ዝግ ነው። ቅጠል የሚያራግፉ እንደ ብሳና ያሉ ዛፎቻችንም የሚያራግፉት በበጋ ነው፤ ብርሃኑ ወደ መሬት ሲወርድ መሬቱ ውስጥ ጠብታ ውሃ የለም። ዝናቡ ሲመጣ ቅጠሉም ደመናውም አብረው ይመጣሉ። የአውሮፓው መስኮት፣ ብርሃንና እርጥበት አንድ ላይ የሚገናኙበት፣ በሚያዝያ እዚህ የለም።

ያ መስኮት እኛ ጋ የሚከፈተው ከመስከረም እስከ ጥቅምት ነው። ሰማዩ ጠርቷል፣ አፈሩ ገና ርሷል፣ አደይ አበባ ሜዳውን ይሞላል። (በነገራችን ላይ፣ የፈረንጆቹን የአበባ ወቅት «ፀደይ» ብሎ መተርጎም ለአትክልተኛ አሳሳች ነው። በአቡሻህር፣ ማለትም በአገራችን የዘመን ስሌት፣ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው፤ ለጎንደር አትክልት ይህ ዋናው የጭንቅ ጊዜ ነው። የአበባው ወቅት መጸው ነው፣ ከመስከረም 26 ጀምሮ። የውጭ የአትክልት መመሪያ ስታነቡ «ፀደይ» የሚለውን ከመቀበላችሁ በፊት ደራሲው ስለ እርጥበት ነው ወይስ ስለ ሙቀት የሚያወራው ብላችሁ ጠይቁ።)

ወደ ከረጢቷ ልመለስ። እነዚያ ጥቋቁር ነገሮች ከግሪክና ከቱርክ ተራሮች አካባቢ የመጣው የሰማያዊው አኔሞኒ ሥሮች ናቸው። አንድ ሌሊት ለብ ባለ ውሃ ነከርኳቸው፤ ጠዋት አብጠው አገኘኋቸው። የትኛው ጎን ላይ፣ የትኛው ጎን ታች እንደሆነ ለመለየት ብዙ አትጨነቁ፤ በጎናቸው ብታጋድሟቸው ቡቃያው መንገዱን ራሱ ያገኛል። ጥልቀታቸው ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ነው። ኅዳር ላይ ተከልኩ፤ ጥር ላይ ዘጠኙ ቅጠል አወጡ፣ ሦስቱ አበቡ። ሰማያዊው ቀለም እውነተኛ ነው፣ ሥዕሉ አልዋሸም። ጎረቤቶቼን ጠርቼ ቡና አፈላሁ። መጋቢት ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ ተኝቷል ብዬ ተውኩት። በማግስቱ ዓመት አራት ቅጠል ብቻ ብቅ አለ፤ አበባ የሚባል አላየሁም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። እንዲህ ያለ ተክል የዘንድሮ አበባውን የሚያሰናዳው በአምናው ስንቅ ነው፤ ሲሸጥ ስንቁ አብሮት ይሸጣል። የመጀመሪያው ዓመት አበባዬ የተሠራው በአውሮፓ አፈር ነበር፤ እኔ ያደረግሁት ውሃ ማጠጣት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሥሩ በየዓመቱ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ስንቅ የሚሞላበት በቂ ብርሃን፣ ከእንቅልፉ የሚነቃበት ደግሞ ሳምንታት የሚዘልቅ ብርድ። የጎንደር የታኅሣሥ ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ቢወርድም ቀኑ ወደ 27 ይመለሳል፤ አፈሩ ብርድን አያስብም። እኔም ከግድግዳው ጥላ አስቀምጬ ብርሃኑን ከለከልኩት። በሁለቱም በኩል በደልኩት ማለት ነው።

ብርዱን በማቀዝቀዣ መተካት ይቻላል። ሥሮቹ ሲተኙ ቆፍሮ፣ አድርቆ፣ በወረቀት ከረጢት ከ8 እስከ 10 ሳምንት ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ማቆየት ነው። ማቀዝቀዣው ውስጥ ሙዝ ወይም ማንጎ አብሮ እንዳይቀመጥ፤ ከሚበስል ፍሬ የሚወጣው ኢቲሊን የሚባል ጋዝ የተኛ አበባን ቡቃያ ያበላሻል። እኔ አንድ ጊዜ ሞክሬው ተውኩት። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ቤት ውስጥ ከቅቤና ከሥጋ ጋር ቦታ የሚሻማ አበባ ብዙ አይወደድም።

ወደ ሁለተኛው ስሕተቴ ልሂድ፤ ለማንኛውም የጥላ ተክል ለሚተክል ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

የአውሮፓ መመሪያዎች ሁሉ «ከሰሜን ግድግዳ ሥር ጥላ ነው» ይላሉ። ለእነሱ እውነት ነው። ለንደን ላይ ፀሐይ በዓመቱ ረጅሙ ቀን እንኳ በቀትር በደቡብ በኩል ናት፤ ሦስት ሜትር ግድግዳ ያን ቀን በቀትር ወደ ሰሜን 1.6 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። ጎንደር ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12.6 ዲግሪ ላይ ብቻ ናት። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል አናታችን ላይ ታልፋለች፦ አንዴ ሚያዝያ 15 ገደማ፣ አንዴ ነሐሴ 14 ገደማ። በሁለቱ ቀናት መካከል ባሉት አራት ወራት የቀትር ፀሐይ ከእኛ በስተሰሜን ናት።

ይህን በመጽሐፍ ሳይሆን በድንጋይ ነው ያረጋገጥኩት። የጎንደር እውነተኛ ቀትር ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን በዚያ ሰዓት ወጥቼ የሰሜን ግድግዳዬ ጥላ የሚያልቅበት ላይ ድንጋይ አስቀመጥኩ፤ ግድግዳው ሦስት ሜትር ነው፤ ጥላው 2.2 ሜትር ሄዷል። መጋቢት 11 ቀን ያው ጥላ ወደ 67 ሳንቲ ሜትር ተሰብስቧል። ሚያዝያ 15 ቀን ድንጋይ የማስቀምጥበት አጣሁ። ግድግዳው ጥላ የለውም፤ የራሴም ጥላ እግሬ ሥር ገብቷል። ሰኔ ላይ ደግሞ ጥላው ግድግዳውን ዞሮ ወደ ደቡብ ግማሽ ሜትር ያህል ወጥቷል። ለካ በጋውን ሙሉ «ጥላ» እያልኩ የምጠራው መደብ በዓመቱ እጅግ ሞቃት ከሆኑት ወራት በአንዱ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ የሚቀቅለው መደብ ነው። ከመስከረም 13 እስከ መጋቢት 11 ደግሞ ጨርሶ ፀሐይ አያይም። ሁለቱም ጠርዝ ናቸው፤ መሐል የለውም።

ከዚህ የሚወጣው ነገር ቀላል ነው። በእኛ አገር የግድግዳ ጥላ አያስተማምንም፤ ቁርጡ ቀን ሲመጣ ይከዳል። ሚያዝያን የሚያሻግር ጥላ ከጎን ሳይሆን ከላይ የሚመጣ ነው፣ ያውም መጋቢትና ሚያዝያን ቅጠሉን ይዞ ከሚያልፍ ዛፍ። ወይራ ለዚህ ወደር የለውም፤ ቅጠሉ ጠባብ ስለሆነ ብርሃኑን ያጠልለዋል እንጂ አይዘጋውም። ከወይራ ሥር ቀትር ላይ መሬቱን ብታዩ ብርሃኑ እንደ ተበተነ ጤፍ ነው። «ከፊል ጥላ» ማለት ይህ ነው፣ ወይም ደግሞ በቀን ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ። ሰዓቶቹ የጠዋት ቢሆኑ ይመረጣል፤ የጠዋት ፀሐይ ቅጠሉ ጤዛ ይዞ ሳለ ታገኘዋለች፣ የከሰዓቷ ግን ደርቆ ሳለ ትመታዋለች። ድፍን ጥላ ምን እንደሚመስል ማወቅ የፈለገ ፋሲል መዋኛ ሄዶ ሥራቸው ግንቡን ካቀፈው ትልልቅ ዛፎች ሥር ይቁም፤ ለጥምቀት ሕዝብ ያማረ ነው፣ ለአበባ አይሆንም። ከባሕር ዛፍ ሥር ደግሞ ጨርሶ አትድከሙ፤ ውሃውን ከእናንተ ቀድሞ ይጠጣል።

ታዲያ የትኛውን አኔሞኒ? «ጥላ ይወዳል» የሚለውን ትታችሁ «አገሩ ላይ ዝናብ የሚዘንበው መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በዚህ ጥያቄ ስናጣራ የጃፓን አኔሞኒ የሚባለው ይቀራል። ስሙ ያሳስታል፤ ጃፓን ውስጥ ለዘመናት ተለመደ እንጂ የትውልድ አገሩ ቻይና ነው። ስኮትላንዳዊው ተክል ሰብሳቢ ሮበርት ፎርቹን በሻንጋይ የመቃብር ድንጋዮች መካከል አብቦ አግኝቶት በ1844 ወደ እንግሊዝ ላከው። ያ የቻይና ክፍል እንደ እኛ ዝናቡን የሚያገኘው በሞቃቱ ወራት ነው። ተክሉም ዝናቡን ጠጥቶ አድጎ በማብቂያው ያብባል፤ በአውሮፓ እንኳ የሚያብበው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው። ቁመቱ ከነአበባው ከ60 ሳንቲ ሜትር እስከ 1.2 ሜትር ይደርሳል፤ ነጭ ወይም ሮዝ፣ መሐሉ ቢጫ፣ አገዳው ቀጭን ስለሆነ ትንሽ ነፋስ ያወዛውዘዋል።

ከአንድ የችግኝ ጣቢያ ሦስት ችግኝ አግኝቼ መጀመሪያ የተከልኳቸው በዚያው በሰሜኑ ግድግዳ ሥር ነበር። ሚያዝያ አቃጠላቸው። ሥራቸው ግን ስላልሞተ ሰኔ ላይ ነቅዬ ከወይራው በስተምሥራቅ፣ የጠዋት ፀሐይ ወደሚያገኝበት አዛወርኳቸው። መስከረም ላይ ሁለት ዘንግ አበባ ቆመ፤ በማግስቱ ዓመት አሥራ አንድ።

ስለ አፈሩ። የግቢዬ አፈር ቀይ ሸክላማ ነው፤ ሐምሌ ላይ እንደ ጭቃ ይያያዛል፣ የካቲት ላይ እንደ ጡብ። ሁለቱንም የሚያስታርቀው የበሰበሰ ቅጠል ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍሬ የወደቀ ቅጠልና የበሰለ ፍግ ቀላቀልኩበት፤ መደቡን ከመሬቱ አንድ ስንዝር ከፍ አደረግሁት። ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛበት ቦታ የአኔሞኒ ሥር ይበሰብሳል፤ በጋ ላይ ከሚደርቀው ይልቅ ክረምት የሚበሰብሰው ይበዛል። ዋልካ መሬት ያላችሁ ደግሞ ከዚህም ከፍ አድርጉት። ቅጠሉን ከደብር ቅጥር ግቢ ለማምጣት የሚከጅል ሰው አይቻለሁ፤ ይቅርባችሁ፣ ያ ቅጠል የሚቀጥለው ጥድ ስንቅ ነው።

ችግኙ ሲተከል አንገቱ ከአፈሩ ጋር እኩል ይሁን፤ በአንዱና በሌላው መካከል ግማሽ ሜትር ይተው። ባዶ የመሰለውን ቦታ አትሙሉት፤ ከሦስተኛው ዓመት በኋላ ሥሩ በራሱ እየሄደ ይሞላዋል፣ እንዲያውም ገደብ ካላበጃችሁለት ጎረቤት ይወርራል። ለማባዛት በተኛበት ጊዜ ሥሩን በ5 ሳንቲ ሜትር ቆራርጦ በአሸዋማ አፈር ማጋደም ይበቃል። በጋ ላይ ከየካቲት እስከ ግንቦት ውሃ ይጠይቃል፤ ቧንቧው በማይመጣበት ሳምንት እኔ የምሰጠው የአትክልትና የእህል እጣቢ ነው፣ ሳሙና ያልነካውን። ቀንድ አውጣ በሐምሌ ለጋ ቅጠሉን ይበላል፤ ማታ በባትሪ ብርሃን መልቀም እንጂ ሌላ መላ አላገኘሁለትም። ሥርም ሆነ ችግኝ ከውጭ የምታስመጡ ሰዎች የማስገቢያ ፈቃድና የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋችኋል፤ አንድ ቁራጭ ሥር ላይ የተለጠፈ አፈር የአገር ሰብል የሚጎዳ ተባይ ሊይዝ ይችላል።

ይህን ሁሉ ከደከምኩ በኋላ እናቴ የጠየቀችኝን ልንገራችሁ። መደቡን አይታ፣ «እንሶስላውን ለምን አልተከልሽበትም?» አለች።

እኔ እንሶስላን የማውቀው በእጅና በእግር ላይ ነው። ለበዓልና ለሠርግ ሴቶች እንሶስላ ሲሞቁ፣ የተወቀጠው ሥር መዳፋቸውን ሲያቀላው ነው ያደግሁት። አበባውን ግን አስተውዬው አላውቅም ነበር። ለካ ወንዝ ዳር፣ ከዛፍ ሥር፣ እርጥበት ባለበት ከፊል ጥላ የሚኖር ተክል ነው። በመጀመሪያው ዝናብ ከሥሩ ይነሣል፣ እስከ ሁለት ሜትር ያድጋል፣ ትልልቅ ነጭ አበባ ያወጣል፣ ጉሮሮው ሐምራዊ፤ ማታ ማታ ይሸታል። በጋው ሲጠነክር ግንዱ ይወድቃል፣ ስንቁን በወፍራም ሥሩ ቋጥሮ ይተኛል። ነጩ የአውሮፓ አኔሞኒ የሚሠራውን ሥራ በእኛ ሰዓት የሚሠራ ማለት ነው። እንግሊዝ አገር ይህንኑ የእኛን እንሶስላ ለከፊል ጥላ ብለው የሚተክሉ አትክልተኞች አሉ፤ እኔ የእነሱን ሥር ማቀዝቀዣ ውስጥ ስከት እነሱ የእኛን ሥር ከውርጭ ለማዳን በቅጠል ይሸፍኑታል።

ሰኔ ላይ እናቴ ሁለት ሥር አመጣችልኝ፤ ከአኔሞኒው ጀርባ፣ ከወይራው ግንድ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ተከልናቸው። አሁን ታኅሣሥ ነው፤ ከመሬት በላይ ምንም የለም። ማንም ዶማ እንዳያሳርፍባቸው ያንን የጥላ መለኪያ ድንጋይ አንሥቼ በላያቸው አስቀምጫለሁ።